ብርድ ሲመጣ ወገቤን ይይዘኛል፤ ሥራዬን ልተወው?

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ37 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የአንዲት የአራት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ።

ብርድ በገባ ቁጥር ወገቤን ያመኛል። መጀመሪያ ቀላል ስለነበር ትኩረት አልሰጠሁትም። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ጠዋት የልጄን ጫማ ላስር ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤ ድርቅ አለ። ቀና ማለት አቃተኝ። ባለቤቴ ደግፎ ነው አልጋ ላይ ያስተኛኝ። ኤምአርአይ (የውስጥ ምስል) ተነሳሁ። «ዲስክሽ አርጅቷል፤ ወጣ ብሏልም» ተባልኩ።

ከዚያ ወዲህ ወገቤን እየጠበቅሁ ነው የምኖረው። የወገብ ቀበቶ ከጠዋት እስከ ማታ አላወልቅም። ጠዋት ጠዋት በእግሬ መሄድ እወድ ነበር፤ ብርድ ይመታኛል ብዬ ተውኩት። ከሥራ ስመለስ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ማሞቂያ አጠገብ እቀመጣለሁ። ልጄን ማንሳት ካቆምኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እሷም እንዳነሳት መጠየቅ ትታለች። ከሕመሙ በላይ እሱ ያመኛል።

ባለቤቴ ደግ ሰው ነው። «ብርዱ እስኪያልፍ ሥራሽን ተዪና ተኚ፤ እኔ አለሁልሽ» ይለኛል። እናቴም በዚሁ ትስማማለች። እኔ ግን የቤቱ ሥራ ሁሉ እሱ ላይ ሲወድቅ ሳይ እናደዳለሁ። ንዴቴን ደግሞ የምወጣው መልሼ እሱው ላይ ነው።

ዘንድሮም ብርዱ ጀምሯል። ወገቤም ጠዋት ጠዋት መያዝ ጀምሯል። ሥራዬን ልተወው? ዕድሜ ልኬን እንዲህ ልኖር ነው?

ብርድ የፈራሁ ነኝ

———

እህቴ፣ ለጥያቄሽ መልሱን መጀመሪያ ልንገርሽ። ለመተኛት ብለሽ ሥራሽን አትተዪ። ሥራውን ካልወደድሽው ወይም ሌላ ዕቅድ ካለሽ እሱ የራስሽ ጉዳይ ነው። ወገቤ ይዳንልኝ ብለሽ ከሆነ ግን ወራት መተኛት የምትፈልጊውን የሚሰጥሽ አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ አስረዳሻለሁ።

በቅድሚያ ግን ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ። በጭኖችሽ መካከልና በመቀመጫሽ አካባቢ መደንዘዝ ይሰማሻል? ሽንትሽ አልመጣ ወይም አልያዝ ብሎሻል? ሰገራ ያመልጥሻል? እግርሽ እየደከመ፣ እየከዳሽ ነው? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ይህን ማንበብ ተዪና ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ወደ ታች የሚወርዱት ነርቮች ተጨፍልቀው ከሆነ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ መክሳት፣ እንዴትም ብትተኚ የማይለቅ የሌሊት ሕመም ካለሽ ወይም ከዚህ በፊት ካንሰር ታመሽ ከሆነ ደግሞ ሳትዘገዪ ሐኪም ይይሽ። ሕመሙ ወደ አንድ ጎንሽ አድልቶ ሽንት ሲያቃጥልሽ ወይም ሲያንቀጠቅጥሽ ነገሩ የወገብ ሳይሆን የኩላሊት ሊሆን ይችላል።

አንድ ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ይሄኛው በተለይ አንቺን ስለሚመለከት ነው። ጠዋት የሚይዝሽ እስከ ስንት ሰዓት ድረስ ነው? ተነስተሽ ፊትሽን ታጥበሽ፣ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ስትዪ የሚለቅሽ ከሆነ የተለመደ ነው። ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ስትንቀሳቀሺ እየቀለለሽ ስታርፊ ከባሰብሽ፣ ሌሊት አጋማሽ ላይም የሚቀሰቅስሽ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ይህንኑ ንገሪው። ከ45 ዓመት በፊት የሚጀምርና ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ እንዲህ ያለ ሕመም አንዳንዴ የአከርካሪ መገጣጠሚያዎች ብግነት ይሆናል። እሱ የራሱ ምርመራና የራሱ መድኃኒት አለው። ብዙ ሰው «ብርድ ነው» እያለ ዓመታት ያሳልፍበታል።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ያንቺ ሕመም ከአብዛኛው ሰው የወገብ ሕመም ጋር አንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ይህ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች 619 ሚሊዮን አድርሷቸዋል። ብዙ ነን ማለት ነው። ይህን የምልሽ ሕመምሽን ለማቅለል አይደለም። «እኔ ብቻ የተበላሸሁ ነኝ» የሚል ስሜት በደብዳቤሽ መሐል ስላየሁ ነው።

አሁን ወደ ብርዱ እንምጣ። እውነቱን ለመናገር እኔም ብርድ ወገብ ያሳምማል የሚለውን ሳልጠራጠር ነው የኖርኩት። አውስትራሊያ ሲድኒ ውስጥ ተሠርቶ በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ግን 993 የወገብ ሕመምተኞችን ይዞ፣ ሕመሙ የጀመራቸውን ቀን አየር ከአንድ ሳምንትና ከአንድ ወር በፊት ከነበረው ጋር አነጻጸረ። ሙቀቱ፣ እርጥበቱ፣ ዝናቡ፣ የአየሩ ግፊት ከሕመሙ መጀመር ጋር ግንኙነት አልተገኘባቸውም። ነፋስ ላይ ትንሽ ነገር ታይቷል፤ እሱም ቁም ነገር የሚባል አልነበረም። በእርግጥ ሲድኒ በረዶ የሚወርድባት ከተማ አይደለችም።

ታዲያ የሚሰማሽ ውሸት ነው? በፍጹም። ሲበርድሽ ጡንቻሽ ይኮማተራል፤ ትከሻሽን ሰብስበሽ፣ ወገብሽን አደርቀሽ ነው የምትሄጂው። ቀድሞ የታመመ ቦታ ደግሞ ይህን ቶሎ ይሰማዋል። ግን ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። ብርድ ሲገባ የእግር ጉዞ ቀረ። ከሥራ ወንበር ወደ ማሞቂያው ወንበር ሆነ። ቀበቶው ጠበቀ፤ ልጅ ማንሳት ቀረ። ወገብሽ በብርድ ወራት ከቅዝቃዜው በላይ የሚያገኘው ነገር አለመንቀሳቀስ ነው። ቅዝቃዜውን ማስቆም አንችልም። ሌላውን ግን እንችላለን።

ስለ መተኛት እናትሽም ባለቤትሽም የሚሉት ከፍቅር ነው። ድሮ ሐኪሞችም ይሉት ነበር። በ1995 የታተመ የፊንላንድ ጥናት ግን ወገባቸውን በድንገት የታመሙ የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞችን ለሦስት ከፈላቸው። አንዱ ቡድን ሁለት ቀን እንዲተኛ ተነገረው። ሌላው የወገብ እንቅስቃሴ ታዘዘለት። ሦስተኛው ሕመሙ እስከፈቀደለት ድረስ የየቀን ኑሮውን እንዲቀጥል ተነገረው። ቶሎ የተሻለው ሦስተኛው ነው። የዘገየው የተኛው ነው። ሁለት ቀን መተኛት ይህን ካደረገ ብርዱ እስኪያልፍ መተኛት ምን እንደሚያደርግ አስቢው።

ስለ ኤምአርአዩ ብዙ የምለው አለኝ። «ዲስክሽ አርጅቷል» የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሮሽ የሚኖር ይመስለኛል። ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ቢነሱ ምን ይታያል ብለሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ወገባቸውን የማያማቸው ከ3,000 በላይ ሰዎች የተነሱባቸውን ጥናቶች የሰበሰበ ጽሑፍ በ2015 ወጥቶ ነበር። በ30ዎቹ ዕድሜ ካሉት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ዲስካቸው «አርጅቷል»። ከ100 ደግሞ 40ዎቹ ዲስካቸው ወጣ ብሏል። ጤነኛ ናቸው፤ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ልጃቸውን ያነሳሉ። ስለዚህ ያ ወረቀት ያንቺን ሕመም ላያስረዳ ይችላል። ቢያስረዳም እንኳ፣ ወጣ ያለ ዲስክ በጊዜ ብዛት ራሱ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። ውጤቱን የነገረሽ ሰው ይህንን ጨምሮ ቢነግርሽ ኖሮ ዓመቱን እንዲህ ባላሳለፍሽው ነበር ብዬ አስባለሁ።

እና ምን ልታደርጊ?

ከጠዋቱ እንጀምር፤ ያንቺ ችግር ያለው እዚያ ነው። የአከርካሪ ዲስክ ሌሊት ስትተኚ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይመጥጣል። ጠዋት ስንነሳ ቁመታችን ከማታው አንድ ሴንቲሜትር ያህል የሚበልጠው ለዚህ ነው። ውሃ የሞላ ዲስክ ጎንበስ ሲሉበት ይበልጥ ይወጠራል። ከተነሳን በኋላ ባለው የመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ውሃው ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የልጅሽን ጫማ ስታስሪ የያዘሽ ጠዋት መሆኑ ስለዚህ አልገረመኝም። በዚያ ሰዓት ገና ያልተፍታታ ወገብ ጎንበስ አለ፤ ያ ማለት ግን ወገብሽ ጎንበስ ማለት አይችልም ማለት አይደለም። ከሰዓት በኋላ ሌላ ወገብ ነው ያለሽ።

እንግዲህ ከአልጋ ከመውረድሽ በፊት በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበቶችሽን እጠፊና ቀስ እያልሽ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛውዣቸው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ወደ ጎንሽ ዙሪ፤ እግርሽን አውርደሽ በክንድሽ እየገፋሽ ተነሺ። በመጀመሪያው ሰዓት ወለል ላይ ያለ ነገር ለማንሳት አትቸኩዪ። ልጅሽን ወንበር ላይ አቁመሽ ወይም አንቺ ዝቅ ብለሽ ተቀምጠሽ ጫማዋን እሰሪላት። የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ ጫማዋን ራሷ ማድረግ ትችላለች፤ ጊዜ ስለሚፈጅ ነው እንጂ።

ማሞቂያሽን አልቃወምም። ሙቀት ጡንቻን ያፍታታል፤ ለጊዜውም ሕመም ያስታግሳል። የምለው አጠቃቀሙን ቀይሪው ነው። አሁን ሞቀሽ ትቀመጫለሽ። ከእንግዲህ ሞቀሽ ተነሺ። በፎጣ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ መያዣ ወገብሽ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አድርጊ፤ ወይም ሙቅ ሻወር ውሰጂ። ሰውነትሽ እንዳልቀዘቀዘ ተንቀሳቀሺ። ራቁት ቆዳ ላይ አታድርጊው፤ ይዘሽውም አትተኚ። በየቀኑ በጣም የሞቀ ነገር አንድ ቦታ ላይ ማድረግ ቆዳ ላይ መረብ የመሰለ ቡናማ ምልክት ይተዋል። ስኳር ካለብሽ ወይም ቆዳሽ ሙቀት በደንብ የማይሰማው ከሆነ ደግሞ ሳይታወቅሽ ሊያቃጥልሽ ይችላል። ስትወጪ ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ ስስ ስስ አድርገሽ ደራርቢ። ከውስጥ የምትለብሽው ረዘም ብሎ ሱሪሽ ውስጥ የሚገባ ይሁን፤ ጎንበስ ስትዪ ወገብሽ አይገለጥም።

የእግር ጉዞሽን መልሽው። ይሄን እንደ ልመና ቁጠሪው። አውስትራሊያ ውስጥ ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2024 ወጥቶ ነበር። በባለሙያ እየተመከሩ ቀስ በቀስ መራመድ የጀመሩት ሕመሙ ሲመለስባቸው በመካከለኛ ግምት 208 ቀን ቆይቶ ነው። ምንም ያልተደረገላቸው ላይ በ112 ቀን ተመለሰ። ግባቸው በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን እስከ 30 ደቂቃ መራመድ ነበር። አንቺ ግን በ10 ደቂቃ ጀምሪ። ጠዋት በጣም ከበረደ ምሳ ሰዓት ላይ ውጪ። ካልሆነም ኮሪደር ላይ፣ ደረጃ ላይ ተመላለሺ። ሲያምሽ አትደንግጪ። ትንሽ ጨምሮ በማግስቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ደህና ነሽ፤ ካልተመለሰ ደግሞ በሚቀጥለው ቀን ጉዞውን ቀንሺ።

ስለ ቀበቶው አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ስታወልቂው ምን ይሆናል ብለሽ ነው የምትፈሪው? መልስሽን ለራስሽ ጻፊው፤ ወደ ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ስትሄጂም ይዘሽው ሂጂ። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ቀበቶን እንደ መደበኛ ሕክምና አይመክርም። በአንድ ጊዜ አሽቀንጥሪው አልልሽም። መጀመሪያ ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት አውልቂው፤ ከዚያ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ፤ ከዚያ ስትራመጂ። መድኃኒት ትወስጂ እንደሆነ አልነገርሽኝም። ፓራሲታሞል ለድንገተኛ የወገብ ሕመም እምብዛም እንደማይረዳ በ2014 የወጣ ትልቅ ጥናት አሳይቷል። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ለጥቂት ቀን ሊረዱ ይችላሉ፤ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ካለብሽ ወይም ካረገዝሽ ግን ሐኪም ሳትጠይቂ አትንኪያቸው።

ወደ ልጅሽ ልምጣ። እንደገና ልታነሻት ትችያለሽ ብዬ አምናለሁ፤ ግን ነገ ጠዋት ከወለል ላይ ብድግ አድርገሽ አይደለም። ዛሬ ማታ ተቀምጠሽ ጭንሽ ላይ ትውጣ። እሱ ሲቀልሽ ሶፋ ላይ አቁሚያትና ቆመሽ ወደ ደረትሽ አስጠግተሽ እቀፊያት፤ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። በኋላ ከዝቅተኛ በርጩማ ላይ። በመጨረሻ አንድ ጉልበትሽን መሬት አስነክተሽ፣ እሷን ወደ ሰውነትሽ ለጥፈሽ ከወለል። ትልቁ ዘዴ ማስጠጋት ነው፤ ክብደት ከሰውነት በራቀ ቁጥር ወገብ ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። እሷንም ንገሪያት። ልጆች ዝምታን በራሳቸው መንገድ ነው የሚተረጉሙት። «ወገቤ ስላመመኝ ነበር፤ አንቺ ከብደሽኝ አይደለም፤ አሁን አብረን እንለማመዳለን» በያት። ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

ባለቤትሽ ላይ የምትናደጂው ክፉ ሰው ሆነሽ አይደለም። ሁሉን ሲሠራልሽ ምንም የማትችይ ሆነሽ ይሰማሻል፤ እሱን ደግሞ በምን አፍ ልትነግሪው ትችያለሽ? ሰውዬው እየረዳሽ ነው። እንዲህ ብትዪውስ? «ያደረግህልኝን ሁሉ አውቃለሁ። አሁን ግን የምፈልገው ሌላ እርዳታ ነው። ሥራውን ቀምተህ አትሥራልኝ፤ ማታ ማታ አብረኸኝ ውጣና እንራመድ። ሳመነታ ስታየኝም ወዲያው አትነሳ፤ ካቃተኝ እጠራሃለሁ።» ከቤቱም ሥራ ሁለት ሦስቱን መልሰሽ ውሰጂ፤ ከወገብ ከፍታ ላይ የሚሠሩትን አስቀድሚ። እናትሽን ለማሳመን ግን ብዙ አትድከሚ። ስትራመጂ ስታይሽ ትሻላለች።

ሥራውን በተመለከተ ከመልቀቅ በፊት ብዙ ደረጃ አለ። አለቃሽ ስለ ወገብሽ ያውቃል? ደብዳቤሽ ላይ አልተጠቀሰምና ላያውቅ ይችላል ብዬ ገመትኩ። ለሒሳብ ሰው በየግማሽ ሰዓቱ መነሳት ሥራ አያስፈታም። ስልክ ቆመሽ አውሪ። አብዝተሽ የምትፈልጊውን ፋይል ከእጅሽ ራቅ አድርጊው። እግርሽ ወለሉን ካልነካ ከሥሩ ነገር አድርጊ። ፍጹም የሆነ አቀማመጥ ፈልገሽ አትጨነቂ፤ ጥሩ አቀማመጥ እንኳ ሦስት ሰዓት ሲቆይ ያማል። ጠዋቱ ከባድ ከሆነብሽ ለብርዱ ወራት አንድ ሰዓት ዘግይተሽ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ስለ ሰዓት መቀነስ ያን ጊዜ እናወራለን።

ደግሞ ድንገት ቢይዝሽስ? ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከአሁኑ ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሩበት። ጀርባሽ ላይ ተኝተሽ ከጉልበትሽ በታች ያለውን እግርሽን ወንበር ላይ ስቀዪ። ሙቀት አድርጊ። መለስ ሲልልሽ ተነስተሽ ትንሽ ተራመጂ፤ ከዚያ እንደገና አረፍ በዪ። በመጀመሪያው ቀን የፈለግሽውን ያህል ብታርፊ ግድ የለም፤ ነቅተሽ ባለሽበት ሰዓት ግን በየሰዓቱ ትንሽ ተነሺ። ሌሊት በጎንሽ ስትተኚ በጉልበቶችሽ መካከል ትራስ አድርጊ። አብዛኛው እንዲህ ያለ ድንገተኛ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀላል።

ዓመት ሙሉ በፍርሃት ስለኖርሽ ግን ብቻሽን ባትሞክሪው ደስ ይለኛል። ፊዚዮቴራፒስት ጋ ቀጠሮ ያዢ። አልጋ ላይ አስተኝቶ ማሽን ብቻ እያደረገ የሚመልስሽ ከሆነ አይበቃም። ስትገቢ በቀጥታ እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ «ጎንበስ ማለት ፈርቻለሁ። 16 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ከወለል ላይ ማንሳት እፈልጋለሁ። እዚያ ለመድረስ በዚህ ሳምንት ምን ልለማመድ፤ በሚቀጥለውስ?»